2.5 ሚሊ ሊትር

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ችግኝ ጣቢያ እሠራለሁ። ከግሪንሃውሱ ሁሉ የምወደው የጌጥ ሣሮቹን ክፍል ነው፤ በተለይ ወይን ጠጅ ቅጠል ያለውን ፔኒሴተም። እናቴ ስፌት የምትሰፋበት ስንደዶ የዚሁ ዘር ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አንዷን ዛላ በጣቶቼ መሀል አሸት አድርጌ ቆምኩ። አገሬን ነው የነካሁት።

ግሪንሃውስ ውስጥ ግን ይህ ሣር ያለልክ ይመዘዛል። ሙቀቱ፣ ውሃው፣ ማዳበሪያው አልጎደለበትም። ፖቶቹ ሲጠጋጉ ለብርሃን ይሻማል፣ ከዚያ እንደ ጤፍ ማሳ ይጋደማል። መኪና ላይ ሲጫንማ ይሰበራል።

ስለዚህ ፓክሎቡትራዞል የሚባል፣ ርዝመቱን የሚገታ መድኃኒት እንሰጠዋለን። ተክል የሚረዝመው ጂበረሊን በሚባል ሆርሞን ነው። ነገሩ የተደረሰበት ጃፓን ውስጥ ነው፤ ሩዝን አስረዝሞ የሚጥል የሻጋታ በሽታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ኩሮሳዋ የተባለ ተመራማሪ ሩዙን የሚያስረዝመው ሻጋታው የሚያመነጨው ነገር መሆኑን አሳየ። ፓክሎቡትራዞል ተክሉ ጂበረሊን እንዳይሠራ ያግደዋል። ሣሩ አይሞትም፤ አጠር፣ ጠንከር ይላል። መድኃኒቱ የሚገባው በሥርና በአገዳ ነው። ቅጠል ላይ ብቻ ቢረጭ እምብዛም አይሠራም። እኛ አፈሩ ላይ እናፈሰዋለን።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። የእኛ መድኃኒት በሊትር 4 ግራም ፓክሎቡትራዞል አለው። የፈለግነው በሊትር ውሃ 1 ሚሊ ግራም ነበር፤ ለ10 ሊትር ባልዲ 2.5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። እኔ 25 ቀዳሁ። ነጥቧን ዘለልኳት። ሲሪንጁ ሲሞላ እጄ ትንሽ እንኳ አላመነታም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጎረቤት ረድፉ ጉልበቴ ጋ ደረሰ። የእኔ 60 ፖት ስንዝር ላይ ቀረ። አፈር ውስጥ የገባን መድኃኒት መልሰህ አታወጣውም። ለአለቃዬ ራሴ ሄጄ ነገርኩት፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።

አሁን ስሌቱን ባልዲው ላይ በማርከር እጽፋለሁ፣ ሌላ ሰው ያየዋል። መጀመሪያ አምስት ፖት ላይ እሞክራለሁ። አንድ ረድፍም ያለ መድኃኒት እተዋለሁ፣ ልዩነቱን በዓይኔ እንዳየው።

ከእነዚያ 60ዎቹ አንዱን ቤቴ ደጅ ተከልኩት። ሥሩ አዲስ አፈር ሲያገኝ ቀስ እያለ ተነሣ። በነሐሴ ዛላ አወጣ። ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው።

«ስንደዶ ነው እኮ» አለች። «ሳይደርቅ ልቀሚው እንጂ ልጄ።»