ጌሙ ሳሎን ይቀመጥ

የቪዲዮ ጌም ቤቴ እንዳይገባ ብዙ የተከራከርኩ እናት ነኝ። እዚህ ጅማ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ምክንያቴን ሳልነግረውም ያውቀዋል። ፕሌይስቴሽን ቤቶቹን ታውቋቸዋላችሁ። ጠባብ ክፍል፣ በር ላይ የተጋረደ መጋረጃ፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ልጆች፣ ከኋላ ደግሞ ተራ የሚጠብቁ። ሂሳቡ በጨዋታ ነው፤ ብዙ ጊዜም የተሸነፈው ነው የሚከፍለው። ልጅ ደግሞ ተሸንፎ ዝም ብሎ አይሄድም፣ "አንዴ ብቻ" ይላል። ዳቦ ግዛ ተብሎ የተላከ የጎረቤቴ ልጅ የዳቦውን ብር እዚያ ጨርሶ ባዶ እጁን ሲመለስ አይቻለሁ። ባለቤቴ "እዚያ ከሚሄድ ቤት ቢጫወት አይሻልም?" ሲለኝ መልሴ አጭር ነበር። አይሻልም።

ደግሞም አንብቤያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2019 ባፀደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጌም ሱስ አለ። ይህን ለባለቤቴ ስንት ጊዜ ጠቅሼለታለሁ! አንድ ቀን ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እዚያ የተጻፈው ልጁ ጌም ተጫወተ አይደለም። ማቆም አቃተው፣ ጌሙ ከትምህርቱም ከእንቅልፉም ከሰውም በለጠበት፣ እየጎዳውም ቀጠለ ነው የሚለው፤ ያም በአብዛኛው ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ፍርሃቴ አልጠፋም፣ ግን ምኑን እንደምጠብቅ አወቅኩ። ሰዓት ብቻ መቁጠር ትቼ ልጁን ማየት እንዳለብኝ ገባኝ።

በመጨረሻ የባለቤቴ ወንድም ያገለገለ ፒኤስ ፎር (ፕሌይስቴሽን 4) ከሁለት ጆይስቲክና ፊፋ 23 ከሚባለው የእግር ኳስ ጌም ጋር ከአዲስ አበባ ላከ። ክረምት ነበር። የጅማን ክረምት ለማያውቅ፦ ጠዋት ብቅ ያለች ፀሐይ ከሰዓት የለችም፣ ከዚያ ሰማዩ ይዘረገፋል። ትምህርት ተዘግቷል፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ሁለት ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ናቸው። ተቀበልኩ፣ ግን በአንድ ነገር አልደራደርም አልኩ፤ ሳሎን ይቀመጣል። መኝታ ቤት አይገባም፣ በር ተዘግቶ አይጫወቱም። አሁንም ቢሆን ሌላ ወላጅ ምን ላድርግ ቢለኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ሳሎን በመሆኑ ነው ሁሉም ነገር የተለወጠው። ቡና ሳፈላ አያለሁ፣ ልብስ ሳጣጥፍ አያለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ጠብ ነው። ትልቁ አሥራ አንድ፣ ትንሿ ስምንት፤ እርስ በርስ ሲገጥሙ እሱ አምስት ለዜሮ ያሸንፋታል፣ እሷ ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወርውራ ታለቅሳለች። ላጠፋው ተነስቼ ነበር። ባለቤቴ "ቆይ፣ አንድ ቡድን ይሁኑ" አለ። ለካ ይቻላል። ሁለቱም በአንድ ወገን ሆነው ከማሽኑ ጋር ይጋጠማሉ። ይህን የማታውቁ ወላጆች ዛሬውኑ ሞክሩት፤ እኛ ቤት ለቅሶውን በግማሽ የቀነሰው ይህ ነው። አሁን እህቱ ኳስ ካላገኘች እሱም አያሸንፍም። ከሁለት ቀን በኋላ "በርቺ፣ ጥሩ ነው፣ አሁን ስጪኝ" ሲላት ሰማሁት። ልጄ እህቱን "በርቺ" ሲል!

ከዚያ ትንሿ ደከማት መሰለኝ፣ "እማዬ አንቺ ነይ" አለችና ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ልጄ አጠገቤ ተጠግቶ ጣቴን እየያዘ ያሳየኝ ጀመር። "ኤክስ ፓስ ነው። ክቧ ሹት። ይቺን ከኋላ ያለችውን ስትጫኚ ይሮጣል። ዝም ብለሽ አትጫኛት፣ ይደክመዋል።" እኔ ኳሱን ይዤ ወደ ራሴ ጎል ስሮጥ አልሳቀብኝም። "እማዬ፣ ወደዚያ ነው፤ ከላይ ቀስት ያለበት ነው ያንቺ ሰውዬ" አለኝ፤ ደግሞ ጠየቅኩት፣ ደግሞ በዚያው ድምፅ መለሰልኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔና ልጄ ቀኑን ሙሉ የምናወራው ምንድነው? የቤት ሥራህን ሠራህ፣ እግርህን ታጠብ፣ ደብተርህ የት አለ። ሁሌም አዋቂዋ እኔ ነኝ፣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሂሳብ ሳስረዳው ሁለተኛ ሲጠይቀኝ ድምፄ ይወጣል። እሱ ግን እኔን ሲያስተምር ድምፁ አልወጣም። ይህን ትዕግሥቱን የውጤት ካርዱ ላይ አላየሁትም፣ መምህሩም አልነገረኝም። ያየሁት እዚያች ሶፋ ላይ ነው፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አማቴ፣ ልጆቹ በኦሮምኛ አኮ (አያት) ነው የሚሏቸው፣ ሊጠይቁን ሲመጡ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ላይ ያለ እውነተኛ ጨዋታ መስሏቸው ነበር። የልጅ ልጆቻቸው እንደሚያንቀሳቅሱት ሲነገራቸው በርጩማቸውን ወደ ፊት ጎተት አድርገው "የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?" አሉ። ቀዮቹ ሲባሉ በቃ፣ ቀይ ኳስ በያዘ ቁጥር "ስጠው! ስጠው!" ነው። ሲኒው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ።

የባለቤቴና የልጄ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጌሙ የራስን ክለብ የመፍጠር አማራጭ አለው፤ ስም ታወጣለታለህ፣ ማሊያ ትመርጣለህ፣ በጀት ይሰጥሃል። የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ሲወስድ ልጄ ገና ሕፃን ነበር። አባቱ ያንን ዓመት እየተረከለት አድጓል። ስለዚህ ክለቡን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባለበት ቦታ ስም ጅሬን አለው፣ ማሊያውን እህቱ መረጠች። ማታ ማታ አባትና ልጅ ተከላካይ ይሸጥ አይሸጥ ብለው ይከራከራሉ። "ከሸጥከው ደመወዙ ይቀርልሃል፣ ግን በማን ትተካዋለህ?" ይለዋል አባቱ። ባለቤቴ ነጋዴ ነው፣ ስለ ሥራው ቤት ውስጥ ብዙም አያወራም። አሁን በዚህ ሰበብ ልጁ ስለ በጀትና ስለ ኪሳራ ይጠይቀዋል፤ ስለ ሱቁም ሳይቀር።

እንዲህ ስላልኩ ግን ልጓሙን ለቅቄአለሁ ማለት አይደለም። ጊዜውን በሰዓት ሳይሆን በጨዋታ ነው የምንቆጥረው። በጨዋታው መሃል "ሰዓት ደርሷል፣ አጥፋ" ማለት ጠብ መጥራት ነው። "ሁለት ጨዋታ፣ ከዚያ ይበቃል" ስል ግን ራሱ ነው የሚያጠፋው። አንዱን አጋማሽ 4 ደቂቃ አድርገነዋል፣ ስለዚህ ስንት እንደሚፈጅ አውቀዋለሁ። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ሶኬቱ ይነቀላል። እዚህ ከተማ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስንት ዕቃ እንደሚያቃጥል የምታውቁት ነው።

ሲዲ ሲገዛ ሽፋኑን እዩ። ፔጊ (PEGI) የሚባለው የአውሮፓው ምልክት 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር አለው። ቁጥሩ የችሎታ ሳይሆን የዕድሜ ነው፤ ብዙ ወላጅ "18 ከባድ ደረጃ ይሆናል" ብሎ ያልፈዋል። የእኛ ፊፋ 23 ላይ ያለው ቁጥር 3 ነው። ልጄ ጓደኞቹ ጋ አይቶ የለመነኝ መኪና የሚሰረቅበትና ሰው የሚገደልበት ጌም 18 ነው። አይገባም አልኩ፣ ለምን እንደሆነም ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ሽፋን የሌለው ከሆነ ስሙን ስልክ ላይ ፈልጉት፣ ዕድሜው ይወጣል። ኢንተርኔት ላይ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር መጫወቱንም ለጊዜው ዘግተነዋል። አብሮት የሚጫወተውን ሰው ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እዚህ ላይ ባለቤቴም ከእኔ ጋር ነው።

የጎረቤቴ ልጅም፣ ያ የዳቦው፣ አሁን እኛ ጋ ይመጣል። እናቱ ደውላ "ካስቸገረሽ መልሺልኝ" አለችኝ። አላስቸገረኝም። ተራውን ይጠብቃል፣ ማንም አያስከፍለውም፣ መክሰስ ሲደርስ ከልጆቼ ጋር ይበላል።

አሁን መስከረም ገብቷል፣ ትምህርት ተጀምሯል። አርብ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት ብለን ተስማምተናል። ልጄ እሑድም ይጨመር እያለ ነው፣ አባቱም ከእሱ ጋር ወግኗል። እኔ እስካሁን እሺ አላልኩም። የመንፈቀ ዓመቱን ውጤት ልየውና እንነጋገራለን ብያቸዋለሁ።