መብራት ሲመጣ የሚጠፉት ኢሜይሎች

ኢሜይል ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰው ነው። ማሽኑ ተራ የሚደርሰው ሰው ተወቅሶና ተኳርፎ ካለቀ በኋላ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ኮምቦልቻ ያየሁት ይህንኑ ነው። ነገሩ ተፈቷል፤ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ግን ልጻፈው።

ሀጂ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው። የግንባታ ዕቃ ያስመጣሉ። ከአቅራቢ የሚመጣው ፕሮፎርማ፣ ትራንዚተሩ ከጅቡቲ የሚልከው የጭነት ሰነድ፣ የባንኩ ደብዳቤ፣ ሁሉም የሚገባው በአንድ የድርጅት ኢሜይል ነው። ጸሐፊያቸው ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ትከፍተዋለች። ሀጂ በስልካቸው ያዩታል።

ማታ ሀጂ በስልካቸው ያዩት መልእክት በማግስቱ የለም። ከስልኩም የለም፣ ከቢሮውም የለም። አንዳንድ ሳምንት ደግሞ አንድም ሳይጠፋ ያልፋል። በቃ ተስተካከለ ሲባል፣ ድንገት ኢንቦክሱ ሙልጭ ብሎ ይገኛል።

ጣት የተቀሰረው ጸሐፊዋ ላይ ነበር። «ከእሷ ሌላ ማን ይከፍተዋል?» ይላል ሂሳብ ሹሙ። ተፎካካሪ ነጋዴ ገዝቷት ነው የሚል ወሬም ነበር። ሀጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ሰነድ ሲዘገይ ዕቃ ወደብ ላይ ያድራል፤ ዕቃ ሲያድር ደግሞ ኪራይ ይቆጥራል። ገንዘብ ሲፈስ የሚያይ ሰው ደግሞ ትዕግሥቱ ያጥራል። ልጅቷ ከሌሎቹ ጋር ቡና መጠጣቱንም ትታለች። አቦሉን አፍልታ ታቀርብና ወደ ጠረጴዛዋ ትመለሳለች።

ሀጂ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ኢሜይል የሚባል ነገር ጉድ እየሠራኝ ነው። ና እስቲ እይልኝ።»

ከደሴ ሐረጎን ወርጄ ሄድኩ። ደሴ የለበስኩትን ጃኬት ኮምቦልቻ ስደርስ እንደ ልማዴ በክንዴ ይዤዋለሁ።

የሀጂን ጭንቀት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ2014ቱ ጦርነት እዚህ አካባቢ ስንት ቢሮ ተዘርፏል። የእሳቸውም ኮምፒውተሮች ሄዱ፣ የወረቀት ፋይሉም ሄደ። የተረፋቸው ኢሜይሉ ብቻ ነበር። ያኔ ማን ምን እንዳዘዘ፣ ማን ስንት እንደቀረበት ያወቁት ከእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢሜይሉን እንደ መዝገብ ቤት ነው የሚያዩት። መዝገብ ቤቱ ደግሞ ማታ ማታ ይበላባቸው ጀመር።

መጀመሪያ ያየሁት ትራሹን ነው። ሰው በእጁ ዲሊት ያደረገው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ትራሽ ውስጥ ገብቶ ይቆያል። ጂሜይል ላይ ለምሳሌ 30 ቀን ይቀመጣል። የሀጂ ኢሜይል ጂሜይል አይደለም፤ ትራሽ ግን አለው። ከፈትኩት። ጸሐፊዋ የጣለቻቸው የማስታወቂያ መልእክቶች ከወራት በፊት ጀምሮ ተደርድረዋል። ከጠፉት ግን አንዱም የለም። ሆን ብሎ ሊያጠፋ የፈለገ ሰው ትራሹን ቢጠርግ ማስታወቂያዎቹም አብረው በሄዱ ነበር። አንድ በአንድ እየለቀመ አጥፍቷል ካልተባለ በቀር። ያን ያህል ትዕግሥት ያለው ሌባ አላውቅም።

ይሄን ለሀጂ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፤ ግን አላመኑኝም።

ስፓሙንም አየሁ፤ የለም። ቀጥዬ መልእክት በራሱ እንዲሰረዝ ወይም ወደ ሌላ አድራሻ እንዲተላለፍ የሚያዝ ነገር ካለ ፈለግኩ። ሰርጎ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው ዱካ የሚተወው። ምንም አልነበረም። የሀጂ ስልክ አይማፕ ነው የሚጠቀመው። አይማፕ ማለት ስልኩ የሚያሳየው ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም ኢሜይሉ የሚቀመጥበት የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ነው፤ ከሰርቨሩ ከወጣ ከስልኩም ይወጣል። የቢሮው ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። ሁለቱም ጋ እኩል መጥፋቱ ጥፋቱ ሰርቨሩ ላይ እየደረሰ መሆኑን ይናገራል። ማን እንደሚያደርሰው ግን አይናገርም።

ፓስወርዱን ቀየርን። መጥፋቱ ቆመ።

ሂሳብ ሹሙ ደስ አለው። «አላልኳችሁም? የሆነ ሰው ይገባ ነበር ማለት ነው።» ሰው እንዲህ ሲል ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ ትንሽ እንጠብቅ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ጠፋ።

ነገሩን የፈታችው ራሷ ጸሐፊዋ ናት። መልእክት በጠፋ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን በደብተር ትጽፍ ነበር፤ ለሥራ ብላ ሳይሆን ራሷን ለመከላከል። ደብተሩን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ወንድሜ፣ እነዚህ ቀኖች ምን እንደሚያመሳስላቸው ታውቃለህ? መጋዘኑ አካባቢ መብራት የነበረባቸው ቀኖች ናቸው» አለችኝ።

ቢሮው ጄኔሬተር አለው። መጋዘኑ ግን ሌላ ሰፈር ነው፤ ጄኔሬተርም የለውም። እዚያ ከጦርነቱ በኋላ የተገዛ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ያኔ የተጠራው ቴክኒሻን የመጋዘኑ ሠራተኛ የጭነት ዝርዝሩን እንዲያይ ብሎ የኢሜይል ፕሮግራም ጭኖበት ሄዷል። በአይማፕ ሳይሆን ፖፕ በሚባል ሌላ አሠራር ነው ያስገባው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ፕሮግራሙ በራሱ ይነሳል፤ በየጥቂት ደቂቃው አዲስ መልእክት ይፈልጋል። ፓስወርድ የቀየርን ጊዜ የመጋዘኑ ሠራተኛ «ፓስወርድ ጠየቀኝ» ብሎ ለጸሐፊዋ ደውሎላት ነበር። አዲሱን ሰጠችው። ለምን አትሰጠውም? የሥራ ባልደረባዋ ነው። እሱም ቢሆን ምንም አላጠፋም። የተጠየቀውን ሞላ።

ፖፕ የሚሠራው እንደ ፖስታ ሣጥን ነው። ቁልፍ ያለው ይመጣል፣ ደብዳቤዎቹን አውጥቶ ይወስዳል፣ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው ቀጥሎ ቢመጣ የሚያገኘው ነገር የለም። ፕሮግራሙ «ኮፒውን ሰርቨሩ ላይ ተው» የሚል ምርጫ አለው። መጋዘኑ ጋ ያ ምርጫ ምልክት አልተደረገበትም። መብራት መጣ፣ ኮምፒውተሩ ተከፈተ፣ መልእክቶቹ በሙሉ ወደ መጋዘን ወረዱ። መብራት የሌለ ቀን ሁሉም ሰላም ነው።

አሠራሩ ሲፈጠር ሞኝነት አልነበረም። የመጀመሪያው ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ፤ ዛሬም የምንጠቀምበት ፖፕ 3 በ1988 ነው የመጣው። ያኔ አንድ ሰው አንድ ኮምፒውተር ካለው ትልቅ ነገር ነው። ሰርቨር ላይ ያለ ቦታም ውድ ነበር። ጂሜይል በ2004 1 ጊጋ ባይት በነፃ እሰጣለሁ ሲል ሆትሜይል የሚሰጠው 2 ሜጋ ባይት ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን መልእክቱን ወስደህ ቦታውን ልቀቅ ማለት ተገቢ ነው። ማርክ ክሪስፒን የተባለ ሰው ስታንፎርድ ሆኖ አይማፕን የጀመረው በ1986 ነው። መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጥ፣ ሁሉም ከያለበት ይየው የሚለው ሐሳብ ያን ያህል ዕድሜ አለው። ስለዚህ ሦስት ሰው በሚጠቀምበት አድራሻ ላይ ዛሬ ፖፕ የሚያስገባ ቴክኒሻን ይገርመኛል። ቸኩሎ ይሆናል። የሚያውቀው እሱን ብቻም ሊሆን ይችላል።

መጋዘን ሄድን። ኮምፒውተሩን ስከፍት የጠፋው ሁሉ እዚያ ነው። የሁለት ዓመቱም፣ የትናንቱም። ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ አብሽር፣ አለ ማለት ነው» አሉ። እኔ ግን ገና አልተረጋጋሁም። አንዳንድ ፕሮግራሞች ኢንቦክሱን በሙሉ አንድ ትልቅ ፋይል አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። ያ ፋይል ቢበላሽ፣ ወይም አንቲቫይረሱ አንዷን መልእክት ጠርጥሮ ፋይሉን በሙሉ ቢያግደው፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ፣ ድንገት የሚጠፋ መብራት፣ ሌላ ኮፒ የለም። እስካሁን መትረፉ ራሱ ዕድል ነው።

ስለዚህ ማንም ሴቲንግ እንዳይነካ አልኩ። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ። ፕሮግራሙን ዘጋሁ፤ መልእክቶቹ ያሉበትን ፎልደር በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ኮፒ አደረግኩ። ኮፒው ሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱን ሳላይ ወደ ቀጣዩ አልሄድኩም። በዚህ ጉዳይ ድርቅ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም።

ቀሪው አሰልቺ ነው። ሰርቨሩ ላይ በቂ ቦታ መኖሩን አየሁ። ፕሮግራሙ አዲስ መልእክት መፈለጉን እንዲያቆም አደረግኩ። ያንኑ አድራሻ በአይማፕ ሁለተኛ አካውንት አድርጌ አስገባሁ። የድሮዎቹን መልእክቶች በየዓመቱ ከፋፍዬ ወደ ሰርቨሩ ፎልደር ጫንኩ። ሙቭ አላልኩም፣ ኮፒ ነው ያልኩት፤ መሀል ላይ ቢቋረጥ እንዳይጎድል። መብራትም ጠፋ፣ ኔትወርክም ሄደ መጣ። ሁሉም ከገባ በኋላ የፖፑን አካውንት አወጣሁት። የግድ ፖፕ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ኮፒ የማስቀረቱን ምርጫ ያብራ፤ ከሥሩ ያለውንም ያንብብ። አንዳንድ ፕሮግራም ላይ «ከ14 ቀን በኋላ ከሰርቨር አጥፋ» የሚል ተሞልቶ ይመጣል። እሱን ያላየ ሰው በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ሌባ ፍለጋ ይገባል።

ሀጂ ጸሐፊዋን ለብቻዋ ጠርተው አነጋገሯት። «አውፍ በይኝ ልጄ» ብለዋታል፤ እሷው ናት የነገረችኝ። ደስ አለኝ፣ ግን ሙሉ አልሆነልኝም። ስትወቀስ በሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታው በዝግ በር ሆነ። ሂሳብ ሹሙ ደግሞ እስካሁን ምንም አላለም። ስለ አይማፕ ጥቅም ግን ለሰው ሁሉ ያስረዳል።

አሁን ከመጋዘን ከተመለሱት መልእክቶች ውስጥ መልስ ያላገኙትን እየለየች ነው። ብዙዎቹ ጊዜያቸው አልፏል። አንድ የወልድያ ኮንትራክተር የብረት ዋጋ ጠይቆ መልስ ሲያጣ፣ ንቀውኛል ብሎ ትቷቸው ኖሯል። ደወለችለት። ብረቱን ከሌላ ቦታ ገዝቷል። የቆርቆሮ ዋጋ ላኪልኝ ብሏታል፤ በቴሌግራም።