ያደረ ዳቦና ቀረፋ፦ የፍሬንች ቶስት ሙከራዬ እስካሁን

አማን ናችሁ? እኔ ይሄው ስድስተኛ ሳምንቴ፣ ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ፍሬንች ቶስት (እንቁላልና ወተት ውስጥ ተነክሮ የሚጠበስ ዳቦ) እየጠበስኩ ቤቱን ቀረፋ ቀረፋ አሸትቼዋለሁ፣ ቤተሰቡም ከማበረታታት ወደ መሸሽ ሊሻገር ትንሽ ነበር የቀረው፣ ግን ባለፈው እሁድ የወጣልኝ ለራሴም ስለገረመኝ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው። ባለሙያ እንዳልመስላችሁ ደግሞ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ የኔ ሙያ ሻይ ማፍላትና እንቁላል ፍርፍር ነበር።

የጀመረኝ ፒያሳ አንድ ካፌ ገብቼ ነው። ደሴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ አስፋልቱን ማዶ ለማዶ የማያሳይበት ጠዋት አለ አይደል፣ በዛ ብርድ ከማኪያቶ ጋር ትኩሱን አመጡልኝ፣ ዳር ዳሩ ኮሽ የሚል፣ ውስጡ ለስለስ ያለ፣ ላዩ ላይ ስኳርና ቀረፋ የተነሰነሰበት። ሂሳቡን ሳየው ግን ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቀረፋ፣ ይሄ ሁሉ እኮ እቤት አለ፣ ለምን እዚህ እከፍላለሁ አልኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በጣም አሳፋሪ ነበር። ለቤተሰብ ነውና ጥሩ ነገር ላድርግ ብዬ በጠዋት ተነስቼ ከዳቦ ቤት ገና እንፋሎቱ ያልወጣለት ትኩስ ዳቦ ገዛሁ፣ ቆራርጬ እንቁላልና ወተቱ ውስጥ ነከርኩት፣ ሳነሳው ግማሹ በእጄ ግማሹ ሳህኑ ውስጥ ቀረ። እንደምንም በጭልፋ አሻግሬ መጥበሻው ላይ ጣልኩት፣ ላዩ ጠቆረ፣ ውስጡ ጥሬ እንቁላል። ታናሽ ወንድሜ አየት አድርጎ "ይሄ ገንፎ ነው ወይስ ዳቦ?" አለኝ፣ እማ ደግሞ ሳቋን ይዛ "ባይሆን ማር ጣል አርጊበትና በማንኪያ እንብላው" አለች። በማንኪያ በላነው ወላሂ።

ሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የቅቤው ጉድ። በዘይት ሳይሆን በቅቤ ሲጠበስ ይጣፍጣል ሲሉ ሰምቼ እማ ያነጠረችውን ቅቤ ከጣሳው ጨልፌ መጥበሻው ላይ! በሶብላውም ኮሰረቱም ኮረሪማውም ያለበትን እኮ ነው። ቤቱ የዶሮ ወጥ ሸተተ፣ ከዛ ላይ ቀረፋና ስኳር ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። በሚቀጥለው ለጋውን ቅቤ ብቻውን አደረኩ፣ እሱ ደግሞ ቶሎ አረረብኝ፣ ምክንያቱም ለጋ ቅቤ ውስጥ የወተት ዝቃጭ ስላለ ዘይቱ ገና ሳይግል እሱ ይቃጠላል። አሁን ትንሽ ለጋ ቅቤ ያለምንም ቅመም አቅልጬ፣ አረፋውን ገፍፌ፣ ዝቃጩን ከስር ትቼ የላዩን ብቻ በብርጭቆ አስቀምጣለሁ፣ ያ ከሌለ ግማሽ ዘይት ግማሽ ቅቤ አድርጉት፣ ይበቃል።

ቀረፋው ላይ ነው ብዙ የተጃጃልኩት። የተፈጨውን ወተቱ ላይ ብትበትኑት አይገባም፣ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፣ ይጓጉላል፣ የመጀመሪያው ቁራጭ ቀረፋውን ሁሉ ጠርጎ ይሄድና መራራ ይሆናል፣ አራተኛው ዳቦ ግን ምንም አይሸትም። እሱ ላይ ደግሞ ከሰኞ ገበያ የገዛሁትን የቀረፋ እንጨት በቡና መፍጫው ፈጭቼው ለሳምንት ቡናችን ቀረፋ ቀረፋ እያለ እማ ተቆጥታኛለች (ከቡና ጋር አይቀለድም፣ እዚህ አገር በተለይ)። መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛው ቀረፋውን አስቀድሞ ከስኳሩ ጋር ደርቆ እያለ ማዋሃድ፣ ከዛ እንቁላሉ ላይ አድርጎ መምታት፣ ወተቱን መጨረሻ። ሁለተኛውና እኔ የወደድኩት ግን ልክ ሻይ ስናፈላ እንደምናደርገው ነው፣ እንጨቱን ሰበር ሰበር አድርጎ ወተቱ ውስጥ ከትቶ ማፍላት፣ ክድን አድርጎ ሩብ ሰዓት ማቆየት፣ ማጥለል። ሽታው ሌላ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ወተቱ በደንብ ይቀዝቀዝ! እኔ ቸኩዬ ትኩሱን እንቁላሉ ላይ ገለበጥኩትና እዛው ሳህኑ ላይ ፍርፍር ሆነልኝ፣ እንቁላል እኮ 60ዎቹ ዲግሪ ላይ መርጋት ይጀምራል፣ ወተቱ ገና ከእሳት መውረዱ ነበር።

ውስጡ ጥሬ የሚሆንብኝን ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በደሴ ከፍታ ነበር የማሳብበው። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ሽሮም ባቄላም የሚቆየው ለዛ ነው፣ ስለዚህ ቶስቱም ለዛ ነው አልኩ፣ እንደውም ማረጋገጫ ፍለጋ ከኛ ዝቅ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ አክስቴ ጋር ስንሄድ እዛ ጠበስኩ። የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን፣ ሙቀቱ ሲቀበለን፣ አሁን ይወጣልኛል ብዬ። እዛም ጥሬ! ወንድሜ ፊዚክስ ይማራል፣ "መጥበሻው ላይ ያለው ዘይት ነው እንጂ ውሃ አይደለም፣ እሱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለሽ ምን አገባው፣ እሳቱን ቀንሺው" አለኝ። ልክ ነው ለካ። ስኳር ያለበት ነገር ቶሎ ይጠቁራል፣ እሳቱ ከበዛ ላዩ አልቆ ውስጡ ገና ነው።

ብቻ ኮምቦልቻ መሄዴ በከንቱ አልነበረም፣ ዋናውን ነገር እዛ ነው ያገኘሁት። ከሰዓት ነው ከትናንት የተረፈ፣ ደረቅ ያለ ሁለት ዳቦ አክስቴ ለበግ ልትሰጠው ስትል፣ ልሞክርበት አልኳት። እሷ "ኧረ ነውር ነው፣ ለእንግዳ ያደረ ዳቦ!" ብላ ልትቀማኝ ነበር። ቆራረጥኩት፣ ነከርኩት፣ አልተበጣጠሰም፣ ፈሳሹን ጠጥቶ ቅርጹን ይዞ ቆመ፣ ሲጠበስ ደግሞ እንደ ካፌው ነፋ አለ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ለእንግዳ ይሄን አይመጥንም እያልን የምናርቀው ዳቦ ነበር የሚያስፈልገው! በኋላ ሳነብ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ፓን ፔርዱ ነው የሚሉት፣ "የጠፋ ዳቦ" እንደማለት፣ ሊጣል የነበረውን ዳቦ ማዳኛ ነበር ማለት ነው፣ ሮማውያንም በጥንት ጊዜ ነጭ ዳቦ ወተት ውስጥ ነክረው በዘይት ጠብሰው ማር ያፈሱበት ነበር። ዳቦ ሲያድር ውሃው መትነኑ ብቻ አይደለም፣ ውስጡ ያለው ስታርች የሚባለው የዱቄቱ ክፍልም ተመልሶ ስለሚጠነክር ነው ሲነከር የማይፈርሰው። ትኩስ ብቻ ካላችሁ ቆራርጣችሁ ዘይት የሌለው መጥበሻ ላይ በቀስታ አድርቁት፣ እንዳደረው ባይሆንም ያግዛል።

እና አሁን የማደርገው ይሄ ነው። ለአራት ወፍራም ቁራጭ፣ የሁለት ጣት ውፍረት፣ ሁለት እንቁላል፣ በቀረፋ የፈላ ወተት በቡና ሲኒ ሁለት ትንሽ ጎደል አድርጎ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የጨው ቁንጥር (ጨውዋን እንዳትረሱ፣ ያለሷ ጣፋጩ ልፍስፍስ ይላል)። እንቁላሉ ነጩ እስኪጠፋ ይመታ፣ አለዚያ ዳቦው ላይ ነጭ ነጭ ክር ይቀራል። እያንዳንዱን ጎን ግማሽ ደቂቃ፣ በጣም የደረቀ ከሆነ አንድ ደቂቃ፣ አንስቶ ማንጠፍጠፍ፣ ከዛ በዝግታ በየጎኑ ሦስት ሦስት ደቂቃ። የተፈጨ ቀረፋና ስኳር ከመጥበሻው ከወጣ በኋላ ነው የሚነሰነሰው፣ መጥበሻ ላይ ካረፈ ያርና ይመራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል ላይ ነው፣ እሱ እንደውም ይሻለኛል፣ ፍሙን አመድ አልብሼው ሲረጋ ነው መጥበሻውን የምጥደው፣ እሳት መቀነሻ የለውም ያለው ማነው!

ሌላ አንድ ነገር። ደስ ሲለኝ ለጎረቤታችን እትዬ በሳህን ይዤ ሄድኩ፣ ከፍተው አይተው "ውይ የኔ ልጅ፣ እሮብ እኮ ነው ዛሬ" አሉኝ። ድርቅ አልኩ፣ እንቁላልም ወተትም ቅቤም! እማ ናት "ተልባ ሞክሪ፣ ተልባ ይይዛል" ያለችኝ። አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጬ አስር ደቂቃ ሳቆየው ልክ እንደ እንቁላል ተጎተተ፣ ግማሽ የበሰለ ሙዝ ጨፍልቄ፣ ቀረፋ የፈላበት ውሃ ቀጠን አድርጌ ነከርኩበት፣ በዘይት ጠበስኩ። እውነቱን ልናገር፣ እንደ እንቁላሉ አይነፋም፣ ሙዙ ስላለበት ቶሎ ይጠቁራል፣ የተልባው ጣዕምም አይደበቅም። እትዬ ግን ሳህኑን ባዶውን አልመለሱትም፣ ቆሎ ሞልተው ነው፣ ስለዚህ ይቀጥላል። ያልተቆላ ተልባ ይሻል እንደሆነ የሞከረ ካለ ንገሩኝ፣ የኔ የተቆላው ነበር።

አሁን የቀረኝ ትልቁ ችግር እኛ ቤት ዳቦ አለማደሩ ነው፣ ወንድሜ እያለ ምን ያድራል። ቅዳሜ ማታ እማ፣ እሷም እንደ አክስቴ ያደረ ዳቦ ለሰው አይቀርብም ስትል የነበረችው እማ፣ ሁለት ዳቦ ከጓዳ ትልቁ ድስት ስር ደፍታበት "የነገ ነው፣ ማንም እንዳይነካው" ብላ ተኛች። ጠዋት ድስቱን ሳነሳው አንዱ የለም።