ቀለሙን አየሁ፣ ቁጥሩን አላየሁም

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ያዋለችኝ የጥቅስ ምልክት ናት። መክፈቻዋና መዝጊያዋ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የፕሮጀክቱን ቴስቶች (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ ፋይሎች) ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ላስኬድ ብዬ ስክሪፕቱ ውስጥ እንዲህ ጻፍኩ፦ ምንጭ/**/*.ቴስት። (የፋይሎቹን ስም ለዚህ ማስታወሻ በፊደላችን ለውጬዋለሁ።) «ምንጭ» ከሚለው ፎልደር ጀምረህ፣ የቱንም ያህል ወደ ውስጥ ቢገባ፣ በ«.ቴስት» የሚያልቀውን ሁሉ ሰብስብ ማለቴ ነው። አንዱ ኮከብ ስላሽን አይሻገርም፤ በአንድ ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለቱ ኮከብ ግን ፎልደር እየዘለለ ይወርዳል። ሞከርኩት፣ 41ዱም ፋይሎች ሮጡ። ረሳሁት።

ዛሬ ጠዋት ምንጭ/ክፍያ/ሒሳብ ውስጥ ያለ ስሌት ሳስተካክል በስህተት ደመርን በቀነስ ቀየርኩ። ቴስቱ ግን አለፈ። ግራ ገባኝና ሆን ብዬ የባሰ አበላሸሁት። አሁንም አረንጓዴ። ያኔ ነው ልቤ ድንግጥ ያለው። ከታች በኩል በትንሹ የተጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት፦ የሮጠው ፋይል 1።

አንድ! ሌሎቹ የት ሄዱ?

መልሱን ለማግኘት እስከ ከሰዓት ፈጀብኝ። ያቺን መስመር ቀድሞ የሚያያት የቴስት መሣሪያው ሳይሆን ሼሉ (የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ነው፤ ኮከቦቹን ራሱ ይፈታና ያገኘውን የፋይል ዝርዝር ለመሣሪያው ያቀብላል። ስክሪፕቱ የሚሮጥበት ተራው ሼል ደግሞ ሁለት ኮከብ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እንደ አንድ ኮከብ ነው የሚቆጥረው። ባሽ የሚባለው የታወቀው ሼል እንኳ ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው 4.0 ነው፤ እሱም «ግሎብስታር» የሚለውን ካላበሩት አይሠራም። ስለዚህ ለሼሉ የኔ መስመር ትርጉሟ «ከምንጭ ሥር ልክ አንድ ፎልደር ወርደህ ፈልግ» ነው።

ታዲያ መጀመሪያ ላይ እንዴት ሠራ? እዚህ ላይ ነው የሳቅኩት፣ ሳቅ ከተባለ። ያኔ ልክ አንድ ፎልደር ወርዶ የተቀመጠ ቴስት አልነበረም፤ ሁሉም ወይ ከዚያ በላይ ወይ ከዚያ በታች ነበሩ። ሼሉ የሚገጥም ፋይል ሲያጣ ኮከቦቹን ሳይነካ እንዳሉ ያሳልፋቸዋል፤ መሣሪያው ደግሞ ሁለት ኮከብን ስለሚያውቅ ሁሉንም ሰበሰበ። በኋላ ምንጭ/ክፍያ ውስጥ አንድ አዲስ ቴስት ጨመርኩ። ሼሉ እሱን አገኘ፣ ጎሽ ብሎ እሱን ብቻ አቀበለ። አንድ ቴስት ጨምሬ 41 አጠፋሁ ማለት ነው።

ይህ ባህሪ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በቤል ላብስ፣ ዩኒክስ በሚባለው ስርዓተ ክወና የመጀመሪያ መመሪያ ውስጥ «ግሎብ» ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም ነበር፤ ኮከብ ሲመጣ ሼሉ እሱን ይጠራዋል። ያ ፕሮግራም የሚገጥም ካጣ «የሚገጥም የለም» ብሎ ይቆም ነበር። ዝም ብሎ የማሳለፉ ልማድ የመጣው በኋላ ከቦርን ሼል ጋር ነው። ተርሚናሌ ላይ ያለው ዚ-ሼል አሁንም ይጮኻል፤ ሁለት ኮከብም ያለምንም ማስተካከያ ይገባዋል። ለዚህም ነው በእጄ ስሞክረው ሁሌ ልክ የሚሆነው። በእኔ ሼል ሌላ፣ በስክሪፕቱ ሼል ሌላ።

መፍትሔው ፓተርኑን (ኮከቦች ያሉባትን ያቺን መስመር) በጥቅስ ማጠር ብቻ ሆነ፤ ሼሉ አይነካውም፣ መሣሪያው ራሱ ይፈታዋል። ነጠላ ጥቅስ ግን ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ እዚያ ያለው ትእዛዝ ተቀባይ ነጠላውን እንደ ጥቅስ ስለማይቆጥረው የፓተርኑ አካል ሆኖ ይቀራል። ድርብ ጥቅስ አደረግኩት፣ ስክሪፕቱ ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ውስጥ ስለሆነ ከፊቱ ያቺን የተገለበጠች ስላሽ ጨምሬ። መልኩ ያስጠላል፣ ይሠራል።

የጊት ኢግኖር ፋይሉንም (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የትኞቹን ፋይሎች እንዲተው የሚነግረውን) ልነካካው አሰብኩና ተውኩት፤ እዚያም ኮከብ አለ። እሱ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ ስላሽ የሌለው ስም የትም ደረጃ ላይ ይገጥማል፣ ፎልደሩ አንዴ ከተከለከለ ደግሞ ውስጡ ያለን ፋይል በቃለ አጋኖ ማስመለስ አይቻልም። ለዛሬ በቃኝ።

ማታ እንደገና አስኬድኩት። 42 ሮጡ፣ 3 ወደቁ። አንዱ ጠዋት ያበላሸሁት ነው። ሁለቱን ግን መቼ እንዳበላሸኋቸው አላውቅም፤ ነገ የሦስት ሳምንት ኮሚት (ጊት ውስጥ የተመዘገቡ ለውጦች) ልቆፍር ነው።