ውሃ እያጠጣሁ የገደልኳቸው ተክሎች

ሁለት የቤት ውስጥ ተክሎች ከሞቱብኝ በኋላ ሦስተኛው መጠውለግ ሲጀምር፣ ውሃ ከመጨመር ይልቅ ከመትከያው አውጥቼ ሥሩን ለማየት ወሰንኩ። ነጣ ያለና ጠንካራ መሆን የነበረበት ሥር ጠቁሮ ላሽቋል፤ በጣቴ ስነካው ልጣጩ እየተገፈፈ ቀጭን ክር ብቻ ይቀር ነበር፤ አፈሩም የረጋ ውሃ ሽታ ነበረው። እስከዚያች ቀን ድረስ የቀደሙት ሁለቱ በውሃ ጥም የሞቱ ይመስለኝ ነበር። ቅጠላቸው ሲጠወልግ አጠጣኋቸው፤ ባጠጣኋቸው ቁጥር ይበልጥ ጠወለጉ።

ነገሩን ሳጣራ የተረዳሁት ሥርም እንደሚተነፍስ ነው። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ከፊሉ ውሃ፣ ከፊሉ አየር ሊይዙ ይገባል፤ ሁሉም በውሃ ተሞልተው ለብዙ ቀናት ሲቆዩ ግን ኦክስጅን ያልቅና ሥሩ መድከም ይጀምራል፤ በደከመው ሥር ላይ ደግሞ እርጥበት የሚወዱ አበስባሽ ረቂቅ ተሕዋስያን ይዘምቱበታል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ በውሃ ተከብቦ ይጠማል። እንግዲህ የጠወለገ ቅጠል ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ አፈሩ ደርቆ ከጠወለገ ውሃ ያስፈልገዋል፤ አፈሩ ርሶ እያለ ከጠወለገ ግን ችግሩ ሥሩ ላይ ነው።

ስህተቴ የጀመረው ከቀን መቁጠሪያው ነበር። ረቡዕና ቅዳሜ ለሁሉም እኩል አንድ አንድ ብርጭቆ አጠጣ ነበር፤ ሥርዓት ያለው ሰው የሆንኩም ይመስለኝ ነበር። አሁን ቅዳሜ የማጠጫ ሳይሆን የመፈተሻ ቀን ነው። ጣቴን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ አስገባለሁ፤ ጥልቅ ለሆነ መትከያ ስንጥር እንጨት ሰክቼ እርጥብ አፈር ይዞ መውጣቱን አያለሁ። ከሁሉም የሚሻለኝ ግን መትከያውን ማንሳት ነው፤ የጠጣና የደረቀ መትከያ የክብደት ልዩነታቸው ከፍተኛ በመሆኑ፣ ከጥቂት ሳምንታት ልምምድ በኋላ እጅ ራሱ ይለየዋል። ውሃ የሚያስፈልገው ከሆነም እንደ ቀድሞው በጥቂቱ አላጠጣም፤ በታችኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ አጠጥቼ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሥሩ ባለው ሳህን የተጠራቀመውን እደፋለሁ።

ቀዳዳ ስል ሌላው ጥፋቴ ትዝ ይለኛል። የመጀመሪያው ተክሌ የሚያምር፣ ግን ቀዳዳ የሌለው መትከያ ውስጥ ነበር፤ ውሃው እንዲጠልልም ከታች ጠጠር አንጥፌለት ነበር። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፤ አይሠራም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ በመጀመሪያ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር በውሃ መጥገብ አለበት። ስለዚህ ጠጠሩ የረሰረሰውን ክፍል ወደ ሥሩ ከማቅረብ በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም። አሁን ተክሉን ታቹ በተበሳ ተራ የፕላስቲክ መትከያ ውስጥ አድርጌ፣ ያንን የሚያምረውን እንደ መሸፈኛ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

የውሃው ነገር ሲገባኝ የብርሃኑ ጥያቄ ተከተለ፤ ምክንያቱም ተክል የሚጠጣው በሚያገኘው ብርሃን ልክ ነው። ብርሃን ያነሰው ተክል ምግብ የሚያዘጋጀው በዝግታ ነው፤ በቅጠሉ የሚያተነውም ውሃ ትንሽ ስለሚሆን አፈሩ ለረጅም ጊዜ ሳይደርቅ ይቆያል። በመስኮት አጠገብ ላለ ተክል የሚበቃው ብርጭቆ በጥግ ላለው መርዝ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዓይናችን ደግሞ በዚህ ጉዳይ ጥሩ ምስክር አይደለም፤ ለደብዛዛ ብርሃን ራሱን ስለሚያስተካክል ጨለም ያለው ጥግ ብሩህ ሆኖ ይታየናል። ከቤት ውጭ የቀትር ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ሊደርስ ሲችል፣ ከመስኮት ርቆ ያለ የክፍል ጥግ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶዎች አያልፍም። መሣሪያ ለሌለው ሰው እጁ ይበቃዋል፤ በቀን እጅን ከተክሉ በላይ ዘርግቶ የሚያርፈውን ጥላ ማየት ነው። ጠርዙ የተለየ ጥላ ጠንካራ ብርሃን መኖሩን፣ ደብዛዛ ጥላ መካከለኛ መሆኑን ያሳያል፤ ጥላው ጨርሶ ካልታየ ቦታው ለአብዛኞቹ ተክሎች አይሆንም።

ይህን ባወቅኩ ማግስት ሁሉንም ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አንዱን አቃጠልኩ። ጥላ የለመደ ቅጠል ቀጥታ ፀሐይ በድንገት ሲያገኘው ነጣ ያለ ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው አይድንም፤ የሚጠበቀው አዲስ ቅጠል ነው። አሁን ቦታ ስቀይር በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አቀርባለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ተክሎቹን መጀመሪያ የገዛሁት የቤቱን አየር ያጠራሉ ተብሎ ነበር። ወሬው የመነጨው የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 በተዘጉ ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ካደረገው ሙከራ ሲሆን፣ አየር በሚዘዋወርበት መኖሪያ ቤት ግን ጥቂት ተክሎች የሚያመጡት ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ውበታቸው ይበቃኛል።

ተክሎች ጠባያቸውም ይለያያል። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሳንሴቬሪያ በወፍራም ቅጠሉ ውሃ ያከማቻል፤ የቅጠሉን ቀዳዳዎች በዋናነት የሚከፍተውም ሌሊት በመሆኑ የሚያባክነው ጥቂት ነው፤ እኔ ዘንድ ሦስትና አራት ሳምንት ሳይጠጣ ይቆያል። ነጭ አበባ የሚያወጣው ስፓቲፊለም በተቃራኒው ሲጠማው ሙሉ በሙሉ ይዘነበላል፤ ሲጠጣ ደግሞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀጥ ይላል። ማዳበሪያ የምሰጠው አዲስ ቅጠል በሚያወጡበት ወቅት ብቻ፣ በማሸጊያው ከተጻፈው መጠን በግማሽ አቅጥኜ ነው። አዲስ ተክል ስገዛ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሌሎቹ አርቄ የቅጠሉን ጀርባ እመረምራለሁ፤ ጥጥ መሰል ነጭ ተባይ ካገኘሁ በአልኮል በተነከረ ጥጥ እጠርገዋለሁ። ድመት ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ፖቶስ የተባለውን ሐረግና ስፓቲፊለምን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ ሁለቱም ሲታኘኩ አፍንና ጉሮሮን የሚያቆስሉ መርፌ መሰል ጥቃቅን ክሪስታሎች አሏቸው።

ሥሩ የበሰበሰው ሦስተኛው ተክል ፖቶስ ነበር። ሥሩን ማዳን ባይቻልም ከሐረጉ ሁለት ጤነኛ ቁራጮች፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ አንጓ እንዲኖራቸው አድርጌ ቆረጥኩና አንጓውን ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ አዲስ ሥር የሚወጣው ከአንጓው ስለሆነ ቅጠል ብቻውን ቢነከር አይበቅልም። በሦስተኛው ሳምንት ሥሩ ጣት ያህል ሲረዝም አፈር ውስጥ ተከልኩት። ዛሬ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጧል። ካጠጣሁት 12 ቀን ሆኖታል፤ ጠዋት አንስቼ ስመዝነው ገና ከባድ ስለነበር መልሼ አስቀመጥኩት።