ግቢዬ ውስጥ የቆመው ታወር፦ እስካሁን የደረስኩበት

የመጀመሪያው ታወሬ የተሰነጠቀው አንድም ቀን አንቴና ሳይሸከም ነው። ሰው አልወጣበትም፣ ነፋስ አልገፋውም። ከኮንክሪቱ በላይ አንድ ሜትር ተኩል ብቅ ያለ ብረት ብቻ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን እንዴት እዚህ እንደደረስኩ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የአማተር ሬድዮ፣ ማለትም ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅር በሬድዮ የመነጋገር፣ ፈቃድ ያወጣሁት ከአራት ዓመት በፊት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ 26 ከመለሳችሁ አለፋችሁ። የሞርስ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2007 ስለቀረ እንደ እኔ ጆሮ የሌለውም ይገባል። በዚያው ዓመት ጄኔራል የሚባለውን ሁለተኛውን ደረጃ ጨመርኩ። ያለ እሱ 14 ሜጋኸርዝ ላይ መናገር አይቻልም።

የመጀመሪያ አንቴናዬ ተራ ዳይፖል ነበር። 10 ሜትር ሽቦ ከዛፉ ወደ ጣሪያው ዘረጋሁ፤ ከመሬት አራት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ፍሎሪዳን አገኘሁ፣ ቴክሳስን አገኘሁ። አፍሪካ ግን ወፍ የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሽቦው ለመሬት ሲቀርብ ጉልበቱን የሚልከው በአብዛኛው ወደ ላይ፣ ወደ ሰማይ ነው። ርቆ እንዲሄድ ዝቅ ብሎ መውጣት አለበት። ለዚያ ደግሞ ከፍታው ቢያንስ የሞገዱ ግማሽ ቢሆን ይመረጣል። በ14 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ማለት ነው። ታወር የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ጡረታ የወጡ አንድ የሬድዮ ሰው ሮን 25ጂ የሚባል የታወር ብረት አራት ቁራጭ በርካሽ ሸጡልኝ። እያንዳንዱ ቁራጭ 10 ጫማ ነው፤ ክብደቱ 18 ኪሎ ገደማ። አራቱ ሲቀጣጠሉ 12 ሜትር ይሞላሉ። ሽማግሌው ብረቱን መኪናዬ ላይ ሲጭኑልኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ውሃው በየት በኩል ይወጣል?» አሉኝ። የምን ውሃ? ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ጉድጓድ ከመቆፈሬ በፊት፣ መሬት ውስጥ የተቀበሩ መስመሮችን ለሚያመለክቱት ሰዎች፣ 8-1-1 ደወልኩ። ነፃ ነው። መጥተው ሣሩ ላይ ቀለም ቀቡልኝ። ቢጫው የጋዝ መስመር ነው፤ ልቆፍር ካሰብኩበት አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር! ቦታ ቀየርኩ። አንቴና ሊከለክል የሚችል የሰፈር ማኅበር ያለበት ቤት ስላልገዛሁ በዚያ በኩል ተገላግያለሁ። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን (ኤፍ ሲ ሲ) እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ፒ አር ቢ-1 የተባለው ውሳኔ የአካባቢ መስተዳድሮች ለአማተር አንቴና ምክንያታዊ ቦታ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ቤት ስትገዙ የፈረማችሁትን የማኅበር ውል ግን አይነካም። ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ውሉን አንብቡት።

ኮንክሪቱን የሞላሁት በኅዳር ነው። ብርድ እየመጣ ስለነበር ተጣደፍኩ። የቀረውን በጸደይ አቆማለሁ ብዬ የመጀመሪያውን ቁራጭ እንደቆመ ተውኩት። የ25ጂ ሦስት እግሮች ውስጣቸው ባዶ ቱቦ ነው። ከሥራቸው ጠጠር አድርጌያለሁ፤ ግን የሲሚንቶው ውሃ ወደ ጠጠሩ ሰርጎ የአንዱን እግር አፍ ደፍኖታል። ከላይ ደግሞ ክፍት ነው። ዝናቡም በረዶውም ገባ፣ መውጫ አጣ፣ ረጋ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ያብጣል። በየካቲት ወጥቼ ሳይ እግሩ ከኮንክሪቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እንደ ደረቀ የባቄላ ቅርፊት ተሰንጥቋል። ጣቴን ከተትኩበት። ቀዝቃዛና ስለታም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይሄው ነው።

ሁለተኛውን መሠረት አዲስ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩ። እግሮቹን ጠጠሩ ውስጥ ቀበርኳቸው፣ ጠጠሩን በላስቲክ ሸፈንኩት፣ የላይኛውን አፍ ከደንኩ። ኮንክሪቱ እንደ ጠነከረ በእያንዳንዱ እግር አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨመርኩና ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጠፍኩ። ሦስቱም እየተንቆረቆሩ ወረዱ። ባለቤቴ በመስኮት እያየችኝ ነበር፤ ምን እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። ከዚያ ኮንክሪቱን 28 ቀን ሙሉ ሳልነካው ጠበቅኩ።

የማቆሙ ሥራ አንድ ቅዳሜ ፈጀ። ጫፉ ላይ መዘውር ያለው ቱቦ ከታወሩ ጎን ይታሰራል፤ ቀጣዩ ቁራጭ በገመድ ይጎተታል። ከታች ሁለት ጓደኞቼ ቆብ አድርገው፣ ከሥር ሳይሆን ራቅ ብለው። እኔ ላይ ሁለት ማንጠልጠያ አለ፤ አንዱን ሳልቆልፍ ሌላውን አልፈታም። ስድስት ሜትር ላይ ስደርስ እግሬ የእኔ መሆኑን ትቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ታወሩን ደግፈው የሚይዙት ካቦዎች በሦስት አቅጣጫ ተወጥረዋል፤ ውጥረታቸው 180 ኪሎ ገደማ ነው፣ የካቦው መበጠሻ አንድ አሥረኛ። ከላይ ሆኜ ያነሳሁትን ፎቶ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «አንተ! እዚያ ላይ የተሰቀልከው እኔን ልታናግር ነው? ስልኩ ምን ሆነ?»

ጥገናው እንደ ፈራሁት አይደለም። በጸደይና በመከር እወጣለሁ። ቡሎኖቹን በመፍቻ እነካካለሁ፣ የካቦ ማጥበቂያዎቹ እንዳይፈቱ የታሰረባቸውን ሽቦ አያለሁ። አምና የአንቴና ማዞሪያው ሥር ተርብ ጎጆ ሠርቶ ነበር። እሱን ያገኘሁት አፍንጫዬ ሊነካው ሲል ነው፤ ስለ ወረድኩበት ፍጥነት አልጽፍም። መብረቅን በተመለከተ፣ በየእግሩ የተቀበረ 8 ጫማ የመሬት ዘንግ አለ፤ ሦስቱም ከቤቱ ኧርዝ ጋር ተገናኝተዋል። ቢሆንም ነጎድጓድ ሲኖር ገመዱን ከሬድዮው እነቅላለሁ።

ያስቸገረኝ አሁንም ያው ውሃ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናብ በዘነበ ቁጥር ኤስ ደብሊው አር፣ ማለትም ጉልበቱ ከአንቴናው ምን ያህል ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያሳየው ልኬት፣ ከ1.3 ወደ 3 ይዘል ጀመር። ሲደርቅ ይመለሳል። ወጥቼ ማገናኛውን ስፈታ አረንጓዴ ዝገት፣ ውስጡም እርጥብ። ተራ ናስትሮ ጠቅልዬበት ነበር። አሁን መጀመሪያ እርስ በርሱ የሚዋሃደውን የላስቲክ ቴፕ፣ በላዩ ናስትሮ፤ አጠቃለሉም ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርቦ። ገመዱ ቤት ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች አንድ ጊዜ ታጥፎ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንቴናውን ወደ አዲስ አበባ ለማዞር ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ አትመሩ። በእሱ ከሄዳችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትጠቁማላችሁ። ምድር ክብ ስለሆነች ከዚህ አጭሩ መንገድ 66 ዲግሪ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ አትላንቲክን ተሻግሮ በስፔይን በኩል 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያ አዙሬ አምስት ኪሎ ያለውን፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሚባለውን የክለብ ጣቢያ ከጫጫታው ሥር ሰማሁት። ሃያ ደቂቃ ጠራሁ። አውሮፓውያኑ ተደራርበው ይጠሩት ስለነበር አልሰማኝም። ከዚያ ድምፁ ራሱ ጠፋ። ማታ ነጎድጓድ ይኖራል ስላሉ ገመዱን ነቅዬ ገባሁ።