ለአዳማ ፀሐይ የሚሆን ሣር

በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላይ አዳማ ውስጥ ጂም ያላቸው አንድ ደንበኛ ደውለው «ያስነጠፍኩት ሣር ሰው አቃጠለብኝ፤ ኬሚካል ሳይኖርበት አይቀርም፤ ቶሎ ድረስልኝ» አሉኝ። ሥራዬ ሕንፃ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን የግቢ ሥራ፣ ማለትም ንጣፉን፣ የውኃ መውረጃውንና የመዝናኛ ቦታውን አጥንቶ ማሠራት ነው። እኚህ ሰው ጂማቸው በተጠቃሚ ብዛት ሲጣበብባቸው ከሕንፃው ጀርባ የነበረውን ባዶ ቦታ ለሌላ ተቋራጭ ሰጥተው አርቴፊሻል ሣር አስነጥፈውበታል፤ መንጠልጠያ ብረቶችና የሆድ መሥሪያ አግዳሚዎችም አስተክለውበታል። ቦታው አገልግሎት መስጠት ከጀመረ ብዙም አልቆየም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ጥቂት ወጣቶች በክርናቸው ተደግፈው ፕላንክ እየሠሩ ማን ብዙ ይቆያል በሚል ይፎካከሩ ነበር። አንዲቱ ልጅ ሕመሙን ታግሳ ከሌሎቹ ይልቅ ቆየች፤ በመጨረሻ ስትነሣ ግን ከክርኗ እስከ እጇ አንጓ ያለው ቆዳ ቀልቶ፣ ጥቃቅን ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ተጣብቆበት ነበር። አሠልጣኟ ቅባትና የጥርስ ሳሙና ይዘው የመጡትን ሰዎች ከልክላ የልጅቷን ክንድ ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል አቆየችው። ለቃጠሎ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ይኸው በመሆኑ ጉዳቱ ሳይባባስ ቀረ።

ስደርስ ግቢውን የጎሚስታ ቤት የሚመስል ሽታ ሞልቶት ነበር፤ ባለቤቱ ኬሚካል ብለው የጠረጠሩትም በዚህ ሽታ ምክንያት ነው። ጎንበስ ብዬ ሣሩን በጣቶቼ ስከፍለው ጭራው (የፕላስቲክ ቅጠሉ) 40 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በጭራዎቹ መካከልም ካረጀ ጎማ የተፈጨ ጥቁር ፍርፋሪ እስከ ግማሽ ድረስ የተሞላበት ሆኖ አገኘሁት። ይህ ለኳስ ሜዳ የሚሠራ ሣር ነው። የግቢው ጥበቃ ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን ሽጉጥ መሰል ቴርሞሜትር ይዞ መጣና «ኢንጂነር፣ በዚህ ለካሁት፤ ቁጥር አልሰጥም አለኝ» አለ። የሰውነት ሙቀት መለኪያ ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ ስለማያነብ ቁጥር አለመስጠቱ ራሱ መረጃ ነበር። ስለዚህ በአቅራቢያው ካለ የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ ከፍተኛ ሙቀት የሚያነበውን መለኪያ ተዋስንና ቀትር ላይ ግቢውን እየዞርን ለካን። በጥላ ሥር የአየሩ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ነበር። በአጥሩ ሥር በራሱ የበቀለው ሰርዶ እጅ ቢያሳርፉበት ለብ ከማለት ያለፈ ሙቀት አልነበረውም፤ የሲሚንቶው መሄጃ 50 ዲግሪ ይጠጋ ነበር፤ ሣሩ ግን ከ65 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ።

«አየሩ 30 ከሆነ ሣሩ እንዴት 65 ይሆናል?» አሉ ባለቤቱ። «ይኼ እኮ አዳማ ነው እንጂ አፋር አይደለም።»

«ጋሼ፣ ሣሩን የሚያሞቀው አየሩ ሳይሆን ፀሐይዋ ናት፤ እርስዎ የገዙት ሣር ደግሞ የሚያልበው የለውም» አልኳቸው።

የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሕይወት ያለው ሣር ከፀሐይ ከሚቀበለው ኃይል አብዛኛውን በቅጠሉ በኩል ውኃ ለማትነን ያውለዋል፤ ስለዚህ ገጹ ከአየሩ ሙቀት ብዙም አይርቅም። የፕላስቲክ ጭራ የሚያተነው ውኃ ስለሌለው የተቀበለውን ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ጎማም የበለጠ ይውጣል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 የራሳቸውን ሜዳ ሲለኩ የአየሩ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ በነበረበት ቀን የሣሩ ገጽ 93 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ከተማችን የዩታን ያህል የአየር ሙቀት ባይኖራትም ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታም የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ በመሆኗም በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ በትክክል ከአናት በላይ ትቆማለች። በነሐሴ ደመናው ይጋርደናል፤ በሚያዝያ ግን ብዙ ጊዜ የሚጋርድ የለም። ደንበኛዬ የደወሉልኝ እንግዲህ ሣሩ ከዓመቱ ጽኑ ፈተናዎች አንዱን በሚቀበልበት ወቅት ነበር።

ሁለተኛው ነገር አብዛኛው ሻጭ የማያነሣው፣ ገዢውም የማይጠይቀው ነው። ኳስ ተጫዋች ሜዳውን የሚነካው በአብዛኛው በጫማው ነው፤ ጂም የሚሠራ ሰው ግን በመዳፉ፣ በክርኑ፣ በጀርባውና በጉልበቱ ያርፍበታል፤ ያውም ለአፍታ ሳይሆን ደቂቃ ለሚሞላ ጊዜ። ለጫማ የሚያስኬድ ሙቀት ለቆዳ አያስኬድም። ቆዳ 44 ዲግሪ ከሚሆን ነገር ጋር ለረጅም ሰዓት ቢነካካ እንኳ ሊቃጠል እንደሚችል ይታወቃል፤ ሙቀቱ ከዚያ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ የሚያስፈልገው ጊዜ በፍጥነት እያጠረ ይሄዳል። በዚህ ላይ በልጅቷ ክንድ ላይ የተጣበቀው ፍርፋሪ ከተነሣች በኋላም ሙቀቱን ወደ ቆዳዋ ማስተላለፉን ቀጥሎ ነበር። በመሆኑም ለውጭ ጂም ሣር ሲመረጥ ከልስላሴውና ከመልኩ በፊት መጠየቅ ያለበት «ቀትር ላይ ባዶ ክንድ ይችለዋል ወይ?» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለቤቱ ወዲያው ያቀረቡት መፍትሔ ውኃ ማርከፍከፍ ነበር። ጎማ አስረዝመን ሞከርነው፤ ሣሩም ለጊዜው በጣም ቀዘቀዘ። ይሁን እንጂ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ መልሶ ግሎ ነበር፤ በዩታም የታየው ይኸው ሲሆን በ20 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ወደነበረበት ተቃርቧል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየ20 ደቂቃው ሣር ማጠጣት አይታሰብም፤ ቢታሰብም አይገባም።

የጎማውን ፍርፋሪ ማውጣት ግን ሊያነጋግረን የሚገባ ጉዳይ አልነበረም። ከሙቀቱና ከሽታው ሌላ የአዳማ ነፋስ ፍርፋሪውን ወደ ቱቦው እየነዳው ነበር፤ የተጠቃሚዎች ጫማም ወደ ውስጠኛው አዳራሽ ያመላልሰዋል። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለውን ፍርፋሪ ለሣር ሙሌትነት መሸጥን በ2023 ባወጣው ደንብ የከለከለ ሲሆን ክልከላው የመሸጋገሪያ ጊዜው ሲያበቃ በጥቅምት 2031 ሥራ ላይ ይውላል፤ ሁለቱም ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። እዚያ ገበያ ያጣ ዕቃ በርካሽ ወደ እኛ እንዳይጎርፍ ከአሁኑ መጠንቀቅ ይገባናል።

ምርጫውን እንደገና ስንጀምር ከተለያዩ አቅራቢዎች ቁራጭ ናሙናዎችን አስመጣን። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ ሁሉም ያማሩ ነበሩ፤ አንዱ አቅራቢ «ሙቀት የማይዝ» የሚል ወረቀት ያያያዘበትም ነበር፤ ነገር ግን በምን ዓይነት ፀሐይ፣ በስንት ሰዓትና ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደተለካ ወረቀቱ አይናገርም። ስለዚህ ናሙናዎቹን ሁሉ በግቢው መካከል ከረፋዱ ጀምሮ ጎን ለጎን ዘረጋናቸው፤ ከአጠገባቸውም የሰርዶ ቁራጭ፣ የሲሚንቶ ንጣፍና የጎማ ንጣፍ አስቀመጥን። በአንዱ ጥግ ደግሞ በአራት እንጨት ላይ የአትክልት እርሻዎች የሚጠቀሙበትን የጥላ መረብ ወጥረን ከእያንዳንዱ ናሙና ግማሹ በጥላው ሥር እንዲውል አደረግን። ቀትር ላይ አሠልጣኟ መለኪያውን ይዛ እየጠራች፣ ጥበቃው እየጻፈ፣ ባለቤቱ ራሳቸው እጃቸውን እያሳረፉ መረመርናቸው።

ውጤቱ ለባለቤቱ ያልጠበቁት ነበር። ነጣ ያለው ቀለምና የጎማ ሙሌት የሌለው ሣር ከጥቁሩ የተሻለ ነው፤ «ሙቀት የማይዝ» የተባለውም በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ ሆኖም ፀሐይ ላይ ከዋሉት ናሙናዎች መካከል እጅ አሳርፎ ለመቆየት የሚያስችል አንድም አልተገኘም። በመረቡ ሥር የዋለው ግማሽ ግን፣ ርካሹም ውዱም፣ እጅ የሚችለው ሆነ። ባለቤቱ ከመረቡ ሥር ቁጢጥ እንዳሉ «ታዲያ ገንዘቡን ሣሩ ላይ ሳይሆን ጥላው ላይ ነዋ ማውጣት የነበረብኝ!» አሉ። እኔ ልነግራቸው ያሰብኩትን ራሳቸው ስለተናገሩት የቀረኝ ዝርዝሩን መሥራት ብቻ ነበር።

ጥላው ቀላል ሥራ አልነበረም። ከተማዋን ከሚያዋስኑት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደንብ ያልተወጠረ መረብ በዚህ ነፋስ ይገነጠላል፤ በደንብ ተወጥሮ ምሰሶው ደካማ ከሆነ ደግሞ ምሰሶውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ምሰሶዎቹን በኮንክሪት መሠረት ተከልን፤ መረቡን ነፋስ አሾልኮ የሚያሳልፍ ዓይነት መረጥን፤ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ የሚሰበሰብበትንም መንገድ አበጀንለት። የሕንፃው አንጸባራቂ መስታወት ከሰዓት በኋላ ፀሐይን መልሶ የሚጥልበትን የግቢውን ክፍል ከሣር ነፃ አደረግነው፤ ከመስታወት የሚመለስ ብርሃን አንድ ቦታ ላይ ሲጠራቀም ፖሊኤትሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ጭራን እስከ ማቅለጥ እንደሚደርስ በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች እናውቃለን።

ሣሩን በተመለከተ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ጭራው 15 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ ያለ ሙሌት የሚቆም ዓይነት ወሰድን። አጭር ጭራ ክብደት ለመግፋትም ለመጎተትም ይመቻል፤ የአዳማን አቧራም በመጥረጊያ ያስወጣል፤ ረጅሙ ግን አቧራውን ውጦ ያስቀረዋል። ጭራው ፖሊኤትሊን እንዲሆን፣ የአልትራቫዮሌት መከላከያ እንደተጨመረበት በጽሑፍ እንዲረጋገጥና የጀርባው ሽፋን ሙቀትና እርጥበት ቶሎ ከሚያደክመው ላቴክስ (የጎማ ዓይነት ማጣበቂያ) ይልቅ ፖሊዩሬቴን የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ እንዲሆን ጠየቅን። ሣሩ ራሱ የመውደቅን ግጭት ስለማያለዝብ በመንጠልጠያ ብረቶቹ ሥር ከሣሩ በታች ወፍራም የጎማ ፍራሽ አስገባን። ነጠፋውን በማለዳ ሠራን፤ ጥቅሉን ቀደም ብለን ዘርግተን እንዲለቅ ተውነው፤ ምክንያቱም ቀትር ላይ ግሎ በተለጠጠበት ሰዓት የተጣበቀ መጋጠሚያ ማታ ሲቀዘቅዝ ይከፈታል። መረቡ ያልደረሰበትን የግቢውን ዳርቻ ደግሞ ሰርዶ አስተከልንበት፤ አሠልጣኟ ሰውነት ማፍታታቱን አሁን የምታሠራው እዚያ ነው። ለአንድ ጥላ አልባ ቦታ አርቴፊሻልና ሰርዶ ቢቀርብልኝ፣ የሚያጠጣው ውኃ እስካለ ድረስ፣ ሁልጊዜ ሰርዶውን እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ለማንኛውም የውጭ ጂም በማዘጋጀው የግዢ ሰነድ ላይ አቅራቢው አንድ ካሬ ሜትር ናሙና በሥራው ቦታ አምጥቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ እንዲያውለው፣ ሙቀቱም በደንበኛው ፊት ተለክቶ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ የሚል አንቀጽ አስገባለሁ። የጥላው ዋጋም ከሣሩ ዋጋ ጋር በአንድ ላይ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። አንዳንድ አቅራቢዎች ይህን አንቀጽ አይተው ከጨረታው ይወጣሉ፤ የሚቀሩት ግን ናሙናቸውን ይዘው በጠዋት ይመጣሉ።